ማርጌት፦ ለለንደን ክፍል የምታከራየው ከተማ

ማርጌት ባቡር ጣቢያ ወርዶ በዋናው በር የወጣ ሰው ባሕሩ የት ነው ብሎ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ፊት ለፊቱ ነው። ውሃው ሸሽቶ ከሆነ ሰፊ ቢጫ አሸዋ ይቀበለዋል። በስተቀኙ በቁመት የሚወዳደረው የሌለ ባለ 18 ፎቅ የኮንክሪት ሕንፃ ቆሟል። ከጎኑ «ድሪምላንድ» የሚል ስም ከላይ እስከ ታች የተጻፈበት የሲኒማ ቤት ግንብ አለ። ዳርቻው ተጠማዝዞ ወደቡ ጋ ሲደርስ ደግሞ ነጫጭ ሣጥኖች የተደረደሩ የሚመስል ሕንፃ ይታያል። ሲኒማ ቤቱ የ1935 ነው፣ ፎቁ የ1960ዎቹ፣ ነጩ ሕንፃ የ2011 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የከተማዋን ያለፈ መቶ ዓመት ለማየት ከጣቢያው በር ብዙ መራቅ አያስፈልግም።

ማርጌት በእንግሊዝ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ በኬንት አውራጃ፣ ታኔት በሚባለው አካባቢ ያለች፣ 60 ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ከባሕር ዳር መዝናኛ ከተሞች ብራይተንና ብላክፑል ከእሷ በላይ ስም አላቸው። ስለ እንዲህ ዓይነት ከተሞች ሲወራ ታሪኩ ብዙ ጊዜ በሦስት ቃል ያልቃል፦ አደጉ፣ ወደቁ፣ ተነሡ። ይህ አነጋገር ስህተት ባይሆንም ለምን እንደወደቁና የተነሡት ለማን እንደሆነ አይነግረንም። እኔ ክፍሏን ተከትሎ መሄድ ይሻላል ባይ ነኝ። ማርጌት ወደ 300 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ለገበያ ያቀረበችው ዋና ዕቃ ለለንደን ሰው የሚከራይ ክፍል ነው። የተለዋወጠው ተከራዩና የቆይታው ርዝመት ነው።

ነገሩ የተጀመረው በሕክምና ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የእንግሊዝ ባለጸጋ ሲያመው የሚሄደው ወደ ፍል ውሃ ነበር። ከሁሉ የታወቀችው ባዝ ነበረች፤ ስሟም «መታጠቢያ» ማለት ነው። (አፄ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 ጀምሮ የስደት ዘመናቸውን ያሳለፉባት ያቺው ባዝ ናት።) ቀስ በቀስ ሐኪሞች ዓይናቸውን ከፍል ውሃ ወደ ባሕር ውሃ አዞሩ። በ1750 ሪቻርድ ራስል የሚባል ሐኪም የባሕር ውሃ ለዕጢ በሽታ ፍቱን ነው ብሎ በላቲን ጻፈ፤ ታጠቡበት ብቻ ሳይሆን ጠጡትም ይል ነበር። ጠበል እየጠጣ ላደገ ሰው ሐሳቡ እንግዳ አይሆንበትም፤ ጨዉ ነው እንጂ አስቸጋሪው።

ማርጌት ግን ሐኪሙን አልጠበቀችም። ከእሱ ቀደም ብሎ፣ በ1736፣ አንድ የከተማዋ አናጢ በጋዜጣ ማስታወቂያ አወጣ። ራቁትን ሜዳ ላይ መታየት ለሚያፍሩ ወንዶችና ሴቶች የሚሆን መታጠቢያ መሥራቱን፣ የባሕሩ ውሃ 15 ጫማ ያህል በሚረዝም ቦይ ወደ ውስጥ እንደሚገባ፣ ገላ ታጣቢው ከጎን ካለች የግል ክፍል ተነሥቶ ወደ ውሃው እንደሚወርድ ዘረዘረ። ከግርጌው አንዲት ነገር ጨመረ፤ በዚያው ቤት የሚከራዩ ምቹ ክፍሎችም አሉ። የማርጌት ኢኮኖሚ በዚያች ማስታወቂያ ተጠቅልሎ አለ። ውሃው ሰበብ ነው፤ ገንዘቡ ያለው ከግርጌው ነው።

ትንሽ ቆይቶ ቤንጃሚን ቢል የሚባል የማርጌት ሰው የመታጠቢያ ጋሪውን አሻሻለ። ጋሪው በአራት ጎማ ላይ የተቀመጠች ትንሽ የእንጨት ክፍል ነው። ሴትዮዋ በበሩ ገብታ ልብሷን ታወልቃለች፣ ፈረሱ ጋሪውን እስከ ውሃው ይጎትታል፣ በባሕሩ በኩል ያለው በር ሲከፈት ከላይ እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ የሸራ ሽፋን እስከ ውሃው ይወርዳል። ከዚያ በድንኳኑ ውስጥ፣ ማንም ሳያያት፣ ትነከራለች። ዛሬ ያስቃል። ያኔ ግን ከተማዋን ለጨዋ ቤተሰብ የከፈተው ይህ ሽፋን ነው። በ1791 ደግሞ ጆን ኮክሊ ሌትሶም የተባለ ሐኪም ለድሆች የሚሆን የባሕር ውሃ ሆስፒታል አቋቋመ። ሆስፒታሉ የቲቢ ሕሙማንን በባሕር ውሃና በባሕር አየር ያክም ነበር፤ የተዘጋው በ1996 ነው። ዛሬ ሕንፃው የመኖሪያ አፓርታማ ነው፤ ድሮ ለታማሚ ይታዘዝ የነበረው የባሕር አየር አሁን የቤቱን ዋጋ ይጨምራል።

ከለንደን ማርጌት ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። መጀመሪያ ላይ መንገደኛው የሚጓዘው የታኔትን እህል ወደ ለንደን በሚያመላልሱ የሸራ ጀልባዎች ነበር። ነፋሱ ከረዳ በአንድ ቀን ይደረሳል፤ ካልረዳ መንገድ ላይ ማደር አለ። በ1815 የእንፋሎት መርከብ ሲመጣ ጉዞው የሰዓታት ሆነ፤ ሰዓቱም የሚታወቅ ሆነ። በዚህ ጊዜ አንድ ደስ የሚል ልማድ ተፈጠረ። ሚስትና ልጆች በጋውን በሙሉ በማርጌት ክፍል ተከራይተው ይቆያሉ፤ ባል ለንደን ሥራ ላይ ሰንብቶ ቅዳሜ በመርከብ ይመጣና ሰኞ ይመለሳል። የቅዳሜዋ መርከብ «የባሎች ጀልባ» ትባል ነበር። የኪራዩ ዘመን እንግዲህ አንድ ሙሉ በጋ ነው።

ባቡሩ በ1846 ገባ። ከመርከቡ ይልቅ ፈጣን ስለነበረ የመጣው ሰው ዓይነት ተለወጠ። በ1871 ፓርላማው የባንክ በዓላትን፣ ማለትም ባንኮች ተዘግተው የሚታረፍባቸውን ቀናት፣ በሕግ ሲደነግግ ደግሞ የሱቅ ሠራተኛውና ጸሐፊው በበጋ መካከል አንድ የእረፍት ሰኞ አገኙ። በዚያ ሰኞ የማርጌት አሸዋ የሚረገጥበት ቦታ ይጠፋ ነበር፤ አህያ የሚያስጋልብ፣ አሻንጉሊት የሚያጫውት፣ ቀንድ አውጣ መሰል የባሕር ዛጎል በሆምጣጤ የሚሸጥ ሁሉ ተጋፍቶ። ይህን ግርግር ያልወደደው ሻል ያለ ኑሮ ያለው ሰው ወደ ምሥራቅ፣ ገደሉ አናት ላይ ሸሸ። እዚያ ክሊፍተንቪል የሚባል አዲስ ሰፈር ተቆረቆረ፦ ሰፋፊ ጎዳና፣ ባለ አራትና ባለ አምስት ፎቅ ቤት፣ ለአገልጋይ የሚሆን ምድር ቤት፣ ትላልቅ ሆቴሎች። ይህን ሰፈር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መካከል ላይ የኪራዩ ዘመን አንድ ሳምንት ሆነ። ምክንያቱ የ1938ቱ የዓመት ፈቃድ ሕግ ነው። ከዚያ በፊት አብዛኛው ሠራተኛ ሥራ ካልገባ ደመወዝ የለውም፤ ሕጉ ደመወዝ እየተከፈለ የሚታረፍበትን አንድ ሳምንት ወደ ብዙኃኑ ሠራተኛ አሰፋ። ወዲያው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣና የባሕሩ ዳርቻ በእሾህ ሽቦ ታጠረ፤ በ1940 ከፈረንሳይዋ ዱንከርክ በባሕር ከተረፉት ወታደሮች ከ46 ሺህ በላይ የሚሆኑት የወረዱት ማርጌት ነበር። ሰላም ሲመለስ ግን ለአሥርና ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ከተማዋ ከመቼውም በላይ ጠገበች።

የዚያ ዘመን ማደሪያ ብዙ ጊዜ ሆቴል አልነበረም፤ እኛ ፔንሲዮን የምንለው ዓይነት ነው። ባለቤቷ አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ቆፍጣና ሴት ናት፤ እዚያው ትኖራለች፣ ራሷ ታበስላለች፣ ራሷ ትቆጣለች። በእንግሊዝ የባሕር ዳር አከራይ ሴትዮ በቀልድ የታወቀች ናት፤ በፖስት ካርድ ላይ ሳይቀር ትሣል ነበር። ቅዳሜ ትቀበላለች፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ታሰናብታለች፣ በዚያው ዕለት አንሶላ ቀይራ ሌላ ቤተሰብ ታስገባለች። ቁርስና እራት ከሷ ነው። ቁርስ ከተበላ በኋላ ግን እንግዳው ክፍሉ ውስጥ መቀመጥ የለበትም፤ ዝናብ ይዝነብ ንፋስ ይንፈስ እስከ እራት ውጭ ነው። በዳርቻው ላይ የሚታዩት ከፊታቸው ክፍት የሆኑ የእንጨትና የብረት መጠለያዎች እነዚህን ሰዎች ከዝናብ ሲያስጠልሉ ኖረዋል። ገላ መታጠቢያው የጋራ ነው፤ ሙቅ ውሃ ከፈለጉ ሒሳብ አለው። ገበታ ላይ ለተቀመጠው ጨውና በርበሬ ሳይቀር የምታስከፍል ነበረች ይባላል። ተከራይቶ የኖረ ሰው ይህችን ሴትዮ የሆነ ቦታ ያውቃታል።

እንግዳው ውጭ ከዋለ ገንዘቡም ውጭ ይውላል። ድሪምላንድ የተባለው የመዝናኛ ፓርክ የተገነባው በዚህ ስሌት ነው። ዋናው መስሕብ በ1920 የተከፈተው የእንጨት ሮለር ኮስተር፣ ሽቅብ ቁልቁል የሚወረወር የመጫወቻ ባቡር፣ ነው። ፍሬኑ ከመሬት የሚታዘዝ አይደለም፤ አንድ ፍሬን ያዥ በባቡሩ መካከል ከተሳፋሪዎች ጋር ተቀምጦ፣ ቁልቁለቱ ላይ ፍጥነቱን በእጁ እየለካ ይሄዳል። ተሳፋሪ ሲጮህ እሱ ሥራ ላይ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ እንዴት ቀዘቀዘ? የተለመደው መልስ «ሰው ስፔን መሄድ ጀመረ» ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአውሮፕላን ትኬቱን፣ ሆቴሉንና ምግቡን በአንድ ዋጋ የሚሸጡ ኩባንያዎች በዙ፤ እዚያ ፀሐይዋ እርግጠኛ ናት፣ ከቁርስ በኋላ ውጣ የሚልም የለም። ግን ከአውሮፕላኑ ያላነሰ ጉዳት ያደረሰው የቤት መኪና ይመስለኛል። መኪና ያለው ቤተሰብ ጠዋት ተነሥቶ ማርጌት ይውልና ማታ አልጋው ላይ ይተኛል። አሸዋው ሰው አላጣም፤ በሙቅ ቀን እስከ ዛሬ ይሞላል። ያጣው ክፍሉ ነው። ደርሶ መልስ የሚሄድ ሰው አይስክሬም ይገዛል እንጂ አንሶላ አያስቀይርም። በ1978 ጥር አውሎ ነፋስ ከ1855 ጀምሮ የቆመውን የብረት መርከብ ማቆሚያ ሲያፈራርሰው መልሶ የሠራው የለም፤ በመርከብ የሚመጣ እንግዳ ቀርቶ ነበርና።

አሁን ወደ ክሊፍተንቪል እንመለስ። ባለ አሥራ አምስት ክፍል ፔንሲዮን እንግዳ ሲያጣ ባለቤቱ ምን ያደርገዋል? ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ በጣም ትልቅ ነው። ማፍረስም ያከስራል። የቀረው መንገድ እያንዳንዱን ክፍል ለቋሚ ተከራይ መስጠት ነው። አንዲት ማብሰያ ምድጃ ጥግ ላይ ትገባለች፣ ሽንት ቤቱ በኮሪደሩ ለሁሉም ነው። በዚህ ዋጋ የሚከራየው ደግሞ ሌላ ምርጫ የሌለው ሰው ነው፤ ሥራ ያጣ፣ ትዳሩ የፈረሰ፣ ከሆስፒታል ወይም ከእስር ቤት የወጣ፣ ስደተኛ። ብዙውን ጊዜ ኪራዩ በከፊል ወይም በሙሉ የሚሸፈነው በመንግሥት የቤት ድጎማ ነው። ለአከራዩ ይህ ከቱሪስት የተሻለ ገቢ ነው፤ በጋም ክረምትም ይገባል፣ ቁርስም አይጠይቅም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ራሱን በራሱ መግፋት ጀመረ። ርካሽ ክፍል በብዛት ያለበት ቦታ ቤት የቸገራቸው የለንደን ማዘጋጃ ቤቶች ሰው ይልካሉ፤ ከወላጆቻቸው ተነጥለው በአሳዳጊ እጅ ያሉ ሕፃናት ሳይቀሩ ከሌላ አካባቢ ታኔት ይመደቡ ነበር። ሰዉ የመጣው ግን ክፍል ወዳለበት እንጂ ሥራ ወዳለበት አልነበረም። ግርግር ሸሽተው የወጡ ባለጸጎች የቆረቆሩት ሰፈር ከደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ እጅግ ድሃ ከሚባሉት አንዱ ሆነ። ያወረደው የቤቶቹ ትልቅነት ነው፤ ጎጆ ጎጆ ቤቶች ቢሆኑ ኖሮ ለክፍል ኪራይ ባልተመቹ ነበር። በ2011 ማዘጋጃ ቤቱ በዚህ ሰፈር የሚያከራይ ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣ ያስገደደው ይህን ለመግራት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ የካርታ ጉዳይ አለ። መሀል አገር ያለች ከተማ በአራቱም አቅጣጫ ገበያተኛና ሠራተኛ ታገኛለች። የባሕር ዳር ከተማ ግን ግማሽ ዙሪያዋ ውሃ ነው፤ ከዓሣ በቀር ከዚያ በኩል ገበያተኛ አይመጣም። ባላት ግማሽ ላይ አንድ ነገር ሲጎድል ምቱ እጥፍ ነው። በ2005 ከማርጌት ወጣ ብሎ ዌስትውድ ክሮስ የተባለ ሰፊ የገበያ ማዕከል ተከፈተና የከተማዋ ዋና ጎዳና ሱቆች አንድ በአንድ ተዘጉ። በ2011 የመድኃኒት ኩባንያው ፋይዘር በአቅራቢያዋ ሳንድዊች በምትባል ከተማ የነበረውን፣ 2,400 ሰው የሚሠራበትን የምርምር ማዕከል እንደሚዘጋ አሳወቀ። ድሪምላንድም በራፉን ዘግቶ ነበር፤ በ2008 የእንጨቱ ሮለር ኮስተር በእሳት ክፉኛ ተጎዳ።

ወደ ነጩ ሕንፃ ደረስን። ሠዓሊው ዊልያም ተርነር በልጅነቱ ማርጌት ተምሯል፤ ካደገና ከገነነ በኋላም በተደጋጋሚ ይመለስ ነበር። የሚያርፈው ወደቡ አጠገብ ሶፊያ ቡዝ የምትባል ሴት ቤት ክፍል ተከራይቶ ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ አከራይና ተከራይ መሆናቸው ቀረና አብረው ኖሩ፤ ለንደን ቼልሲ ሲሄዱ ጎረቤት ታላቁን ሠዓሊ የሚያውቀው «አቶ ቡዝ» ብሎ ነበር። በ1851 የሞተውም እዚያው ነው። በ2011 ሚያዝያ የተከፈተው ተርነር ኮንቴምፖራሪ የተባለው የሥነ ጥበብ ማሳያ የቆመው የወይዘሮ ቡዝ ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ከተማዋን ያነሣታል ተብሎ 17.5 ሚሊዮን ፓውንድ የወጣበት ሕንፃ በአንዲት አከራይ መሬት ላይ መቆሙን ሳስብ ፈገግ እላለሁ።

ማሳያው የመግቢያ ዋጋ የለውም፤ በነፃ ነው። ሕንፃው ብቻውን ግን ከተማ አያነሣም። ሁለት ዓመት ሳይሞላው በፊት፣ በ2009 መጨረሻ፣ ከለንደን ሴንት ፓንክራስ የሚነሣው ፈጣን ባቡር ጉዞውን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል አሳጥሮት ነበር። ለንደን ውስጥ ደግሞ የቤት ዋጋ ለሠዓሊና ለሙዚቀኛ የማይቀመስ ሆኗል። ሰፊ ክፍል፣ ርካሽ ኪራይ፣ ፈጣን ባቡር፤ ሦስቱ በአንድ ጊዜ ተገጣጠሙ። በአሮጌው ከተማ ባዶ ሱቆች ውስጥ የድሮ ዕቃ መሸጫና ካፌ ተከፈተ። በ2015 ማዘጋጃ ቤቱ በግዴታ የገዛው ድሪምላንድ ዳግም ተከፈተ፤ ሮለር ኮስተሩም ታድሶ ፍሬን ያዡን ይዞ ተመለሰ። በ2019 የእንግሊዝ ትልቁ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሽልማት፣ የተርነር ሽልማት፣ ማርጌት ላይ ተካሄደ። ማርጌት ያደገችው ሠዓሊ ትሬሲ ኤሚንም ወደ ከተማዋ ተመልሳ ለሌሎች ሠዓሊዎች የሥራ ቦታ ከፈተች።

የከተማው ሰው ለአዲሶቹ መጤዎች ስም አወጣላቸው፤ «ከለንደን የወረዱ» ይላቸዋል። ስሙ እንደ ተናጋሪው ቀልድም ስድብም ይሆናል። ለኔ ግን ዋናው ጥያቄ የወረዱት ሰዎች ጨዋነት ወይም ጢማቸው አይደለም፤ ክፍሉ ነው። አከራዩ በወር አንዴ ኪራይ ከሚከፍለው ቋሚ ተከራይ ይልቅ ዓርብ ገብቶ እሑድ የሚወጣ እንግዳ በስልክ መተግበሪያ ማግኘት ሲችል ስሌቱ ተገለበጠ። በጥቂት ቅዳሜና እሑድ የወሩ ኪራይ ይወጣል። ስለዚህ ቋሚ ተከራዩ ልቀቅ ይባላል፣ ግድግዳው ነጭ ይቀባል፣ በሩ ላይ በቁጥር የሚከፈት የቁልፍ ሣጥን ይንጠለጠላል። ማርጌት ወደ ድሮ ሥራዋ፣ ለአጭር እንግዳ ክፍል ወደ ማከራየት፣ ተመልሳለች ማለት ይቻላል። ልዩነቱ በ1950ዎቹ አከራይቱ ምድር ቤት ትኖር ነበር፤ ከእንግዳው ያገኘችውን እዚያው ሥጋ ቤትና ዳቦ ቤት ታራግፈዋለች። የዛሬው አከራይ ራሱ ለንደን ሊሆን ይችላል፤ ክረምት ላይ መንገዱ በሙሉ መብራት የጠፋበት ቤት ይሆናል። ከ2025 ሚያዝያ ጀምሮ የእንግሊዝ ማዘጋጃ ቤቶች ማንም በቋሚነት በማይኖርበት ሁለተኛ ቤት ላይ የቤት ግብሩን እጥፍ እንዲያስከፍሉ ሕግ የፈቀደላቸው ለዚህ ነው።

«ተነሥታለች» የሚለውን እንግዲህ በጥንቃቄ ነው የምወስደው። በ2021 የእንግሊዝ ዋና የሕክምና ኃላፊ ክሪስ ዊቲ ስለ ባሕር ዳር ሕዝብ ጤና ባወጡት ሪፖርት በነዚህ ከተሞች ሰው በሕመም የሚሠቃየው ከሌላው አገር ይልቅ መሆኑን አሳይተዋል። ካፌ መከፈቱ ይህን አልሻረውም። ከክሊፍተንቪል ፔንሲዮኖች አንዳንዶቹ ዛሬም ክፍል በክፍል የተከፋፈሉ ናቸው፤ ከጎናቸው ያለው ያው ዓይነት ቤት ታድሶ በለንደን ዋጋ ይሸጣል። ግድግዳ ለግድግዳ።

አንድ ነገር ግን ዞሮ መጥቷል፤ ሰው እንደገና ለጤናው ብሎ እዚህ ባሕር ይገባል። ክሊፍተንቪል ሥር፣ ዋልፖል ቤይ ላይ፣ በ1937 የተሠራ ሰፊ የባሕር ገንዳ አለ። ማዕበሉ ሲመጣ ይሸፍነዋል፣ ሲሸሽ ውሃውን ይዞ ይቀራል። በክረምት ጠዋት ኮፍያ ያደረጉ ሴቶች እየተንቀጠቀጡ ይገቡበታል፤ ለጭንቀት፣ ለእንቅልፍ ማጣት፣ ለመገጣጠሚያ ይበጃል ይላሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደግሞ እዚያው አጠገብ የቤንጃሚን ቢልን ጋሪ የሚያስታውስ ባለ ጎማ የእንጨት ሳውና ቆመ። የዛሬዋ ዋናተኛ ከመግባቷ በፊት ግን የምታደርገው አንድ ነገር አለ፤ ስልኳን አውጥታ ማታ በዘነበው ዝናብ የፍሳሽ ኩባንያው ቆሻሻ ወደ ባሕሩ ለቅቆ እንደሆነ ካርታው ላይ ታያለች። ኩባንያው በዚህ ጥፋት በ2021 90 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጥቷል። ካርታው ቀይ ከሆነ ፎጣዋን ጠቅልላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ዶክተር ራስል ጠጡት ያለው ውሃ ነው።